ጎመን በጤና፣ በባልዲ

የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጎመን የሚለው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ከ2015 መባቻ ጀምሮ የሚሠራ አንድ ድንጋጌ፣ ተከራይ በተከራየው ቤት ጓሮ የሚበላ ተክል በተንቀሳቃሽ ዕቃ ውስጥ እንዲያበቅል አከራዩ መፍቀድ አለበት ይላል። ፈቃዱ ግን አጥር የበዛበት ነው። ዕቃውን አከራዩ አይቶ ማጽደቅ አለበት፤ የት እንደሚቀመጥም ሊወስን ይችላል። ተከራዩ የደረቀ ቅጠልና አረም እየለቀመ ያስወግዳል፤ ለተጨማሪ ውኃና ለቆሻሻ ማንሻ እንዲከፍል ሊዋዋል ይችላል፤ አከራዩም በየጊዜው እየመጣ የማየት መብት አለው። ምርቱ ለቤት ፍጆታ ወይም ለስጦታ ነው። ሕጉ የሚመለከተው ከሁለት ቤት ያልበለጠ ሕንፃ ያለበትን ግቢ ብቻ ሲሆን፣ «የግል ቦታ» የሚለውም በመሬት ደረጃ ያለን ጓሮ ነው። ስለዚህ ኦክላንድ ውስጥ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ቃሪያ የተከለች ሴት በዚህ ሕግ አትታቀፍም። እሷን የሚገዛት የኪራይ ውሏና የአከራይዋ ጠባይ ነው።

ከድንጋጌው ቃላት ሁሉ የሚከብደው «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ነው። ጎመኑ ይብቀል፣ ሥሩ ግን የባልዲውን ወለል አይለፍ። ተከራዩ ቤቱን በለቀቀ ቀን ያለማውን ሁሉ ተሸክሞ ይሂድ፤ በመሬቱ ላይ «ይህን ያቀናሁት እኔ ነኝ» የሚያሰኝ ምልክት አይቅር።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ሰው ከጥንት የወጣ ስም አለው፤ ጭሰኛ። የሚያነደው እሳት የራሱ ነው፣ ጭሱ የሚወጣበት መሬት ግን የሌላ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት፣ በማግስቱ ዓመት በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ባላገሮቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው፣ ሁሉም በዚህ ጭስና በዚያ መሬት መካከል ስላለው ርቀት ነበር። ንጽጽሩን እስከ ጫፍ መግፋት ግን ግፍ ይሆናል። በኦክላንድ ባልዲ የሚያጠጣ ሰው የሚኖረው ከጎመኑ አይደለም፤ እርቦም አይገብርም። (የቤይ ኤሪያን ኪራይ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ እርቦ ብቻ ቢሆን ማን በጠላ።)

ባልዲው ራሱ ውስብስብ ነገር አይደለም። ምግብ የተያዘበት የአምስት ጋሎን፣ ማለትም የ19 ሊትር ያህል የፕላስቲክ ባልዲ ከታች በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ካልተበሳ ሥሩ ውኃ ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል። አንድ ባልዲ አንድ እግር ጎመን ወይም አንድ እግር ቲማቲም ይችላል። ሰላጣ ጥልቀት አይወድም፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ይበቃዋል። ውኃ በጠጣ ቁጥር ማዳበሪያው በቀዳዳው ስለሚሾልክ በየጥቂት ሳምንቱ መመገብ ያስፈልገዋል። ቀሪው የአየር ጉዳይ ነው። ኦክላንድ በባሕር ወሽመጡ ዳር ስላለች በበጋዋ ማለዳ ጉም ይሸፍናታል፤ ሰላጣና ጎመን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይስማማቸዋል፣ ቲማቲም ግን እስኪቀላ ትዕግሥት ይጨርሳል። 65 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ ያለችው ሳን ሆዜ ደረቅና ፀሐያማ ናት፤ ቃሪያው ይንበሸበሻል፣ ሰላጣው በሰኔና በሐምሌ አንገቱን አስረዝሞ ያብብና ይመርራል። በሁለቱም ከተሞች በሐበሻ ደጃፍ የማይጠፋው ጤና አዳም ነው፤ በድስት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሲቆርጡት ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ውኃ እስኪቋጥር እንደሚያቃጥል ግን ከአገር ቤት ይልቅ እዚህ የሚያስታውሱት ይበዛሉ።

ወደ ባልዲው የሚገባው አፈር ከሱቅ ይገዛል። ይህ ለኢትዮጵያዊ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ተጽፏል፤ ከዚያ በፊትም እንግዶች ከአገር ሲወጡ የኢትዮጵያን አፈር በጫማቸው ይዘው እንዳይሄዱ ጫማቸውን ስላሳጠበ ንጉሥ ሲተረክለት አድጓል። እዚህ አፈር በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ዋጋ ተለጥፎበት፣ በጋሪ ተገፍቶ መኪና ውስጥ ይገባል። ከረጢቱ ሲቀደድ ደግሞ ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አፈር አይደለም። ከካናዳ ረግረጎች የተጋዘ ፒት አለው፤ እዚያ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚጠራቀም የሞስ ቅሪት ነው። ከስሪላንካ ወይም ከሕንድ የመጣ የኮኮናት ቃጫ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ኮምፖስት፣ በእሳት እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ ፐርላይት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይኖረዋል። ባልዲው ከመሬት ነጻ የወጣ ይመስላል እንጂ መሬት አለው። መሬቱ ያለው ባለባልዲው በማያየው ስፍራ ነው።

ታዲያ ከበሩ ደጃፍ ያለው አፈር ምን ሆነና?

በኦክላንድ መልሱ እርሳስ ነው። አማርኛ የብረቱንና የተማሪውን መጻፊያ በአንድ ስም መጥራቱ ነገሩን ለማስረዳት አይመችም፤ መጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው፣ ልጅ ቢያኝከውም አይመርዘውም። ብረቱ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ መጨመር የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ለመንገድ መኪናዎች የሚሸጠው ቤንዚን ከእርሳስ ፈጽሞ የጸዳው በ1996 ነው። የምዕራብ ኦክላንድ ቤቶች ብዙዎቹ ከ1978 በእጅጉ ይቀድማሉ፤ ቀለማቸው ሲቀረፍ የኖረው በዙሪያቸው ባለው አፈር ላይ ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ካርታ ሠሪዎች ሰፈሩን በቀይ አቀለሙት፤ በ1950ዎቹ ሳይፕረስ የተባለው ባለሁለት ፎቅ አውራ ጎዳና በመካከሉ ተሰነጠረ፤ ጎዳናው በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ እስኪደረመስ ድረስ ጭሱን ሲያርከፈክፍበት ኖረ። እርሳስ አይበሰብስም፣ አይተንም፣ በዝናብም ብዙ አይሰምጥም። የወደቀበት ይቀመጣል። ካሊፎርኒያ ለመኖሪያ አፈር የምትጠቀምበት የማስጠንቀቂያ መጠን በአንድ ኪሎ 80 ሚሊ ግራም ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለብዙ ዓመታት 400 ሲል ቆይቶ በ2024 ወደ 200 አውርዶታል። ቁጥሩ እንዲህ መለዋወጡ ራሱ ይናገራል፤ ለልጅ ደም ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም።

አትክልቱ ራሱ ከሚፈራው ያነሰ ነው የሚስበው። ቲማቲምና ቃሪያ ወደ ፍሬያቸው የሚያስገቡት እርሳስ ጥቂት ነው፤ ካሮትና ቀይ ሥር ይብሳሉ፤ ሰላጣና ቆስጣን የሚያስፈራቸው ዝናብና ውኃ ማጠጫ ከመሬት አንሥቶ በቅጠላቸው ላይ የሚረጨው ጭቃ ነው። ትልቁ አደጋ ከጎመኑ ሥር የሚጫወተው ሕፃን ነው፤ እጁን ወደ አፉ የሚያስገባው እሱ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል፣ ጤና ካለ ጎመንም ይበቃል ማለቱ ነበር። የአባባሉ ባለቤቶች ጎመኑ ራሱ ጤናውን ይወስዳል ብለው የሚያስቡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

በባልዲ መትከል ለዚህ ሁሉ ትክክለኛ መልስ ነው፤ የጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩት እሱን ወይም ከፍ ያለ መደብን ነው። የሞራል ጥያቄው የሚጀምረው መልሱ ትክክል ከሆነ በኋላ ነው። አፈሩን የሚጠረጥር ሰው የራሱን ጎመን በባልዲ አንጠልጥሎ የራሱን ልጅ ካዳነ፣ ከእግሩ ሥር ስላለው መሬት ዕዳ ይቀርበታል?

አንድ ሁኔታ ይታሰብ። ልጇ አራስ የሆነችባት እናት ከአዲስ አበባ ኦክላንድ ትመጣለች። ሁለት ሳምንት ከቤት ከዋለች በኋላ ጓሮውን ታያለች፤ ባዶ መሬት። በሻንጣዋ የጎመን ዘር አለ። መቆፈሪያ ትጠይቃለች። ልጅቱ ስለ እርሳስ አንብባለች፤ ባልዲዎቿም በደረጃው ላይ ተደርድረዋል። «እማዬ፣ መሬቱ ጥሩ አይደለም» ትላለች። «አፈር ደግሞ ምን ይሆናል?» ትላለች እናት። ሰው «አፈር ስሆን» ብሎ በሚለምንበት፣ ለሞተ «አፈሩ ይቅለለው» በሚባልበት ቋንቋ ያደገችን ሴት፣ አፈር መርዝ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። በዚያ ላይ ልጇ እንዲህ ያለ ቦታ አራስ ቤት ተኝታለች ብላ እንቅልፍ ልታጣ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ቀላሉን ትመርጣለች፤ «አከራዩ አይፈቅድም» ትላለች። እናት አከራይ የሚባል ነገር ይገባታል። ዘሩ ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ከወር በኋላ እናት የተረፈውን ዘር በአጥሩ ላይ አሻግራ ለጎረቤት ትሰጣለች። ጎረቤቲቱ የቤተሰቦቿ ሥር ከሉዊዚያና የሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ ሥራ ከመጡት የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ኮላርድ ስትበላ ያደገች ስለሆነች ጎመኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። መሬት ላይ ትተክለዋለች። የልጅ ልጆቿ አጠገቧ ይጫወታሉ።

ውሸቱ የተነገረለትን ቤት አድኗል። ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን «አከራዩ አይፈቅድም» የሚለው ምክንያት አጥር አይሻገርም፣ ምክንያቱም የአከራይ ክልከላ የአንድ ግቢ ነው። እርሳሱ የሰፈሩ ነው። ልጅቱ እውነቱን ብትናገር ኖሮ እናት ከዘሩ ጋር ወሬውንም አሻግራ ትሰጥ ነበር፤ የሐበሻ እናት ወሬ ይዛ አትቀርም።

ለዚህ የሚሰጥ መከላከያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። መርዙን እሷ አላመጣችውም። የቀለም ፋብሪካ፣ የነዳጅ ኩባንያ፣ መንገድ ቀያሽ፣ ቀይ ካርታ የሣለ ባለሙያ ያደረሰውን ጥፋት፣ ትናንት የመጣች ተከራይ የምትሸከምበት ሕግ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ማጽዳት የሚገባው ያቆሸሸው ወይም መንግሥት ነው፤ ሲፈለግም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በምዕራብ ኦክላንድ በሳውዝ ፕሬስኮት ሰፈር የአላስካ ዓሣ አጥንት ፈጭቶ ከጓሮዎቹ አፈር ጋር ደባልቋል። በአጥንቱ ውስጥ ያለው ፎስፌት እርሳሱን ይዞ፣ ሆድ ውስጥ ቢገባ እንኳ በቀላሉ የማይሟሟ ማዕድን ያደርገዋል። እርሳሱ እዚያው አለ፣ ነገር ግን ታስሯል። ይህን ያህል ሥራ በባልዲ ባለቤት ትከሻ ላይ መጫን ቧልት ይሆን ነበር።

መከላከያው ማጽዳትን በተመለከተ ይቆማል። ማወቅን በተመለከተ ግን አይቆምም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ድርሰት ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ያነሣል። መርከቡ አርጅቷል፤ ስደተኞችን አሳፍሮ ሊሄድ ነው። ባለቤቱ ጥርጣሬ ያድርበታል፣ ማስመርመር ግን ወጪ አለው። ስለዚህ ይህ መርከብ ስንት ማዕበል ተሻግሯል እያለ ራሱን ያሳምናል፤ ከልቡም ያምናል። መርከቡ ይሰጥማል። ክሊፈርድ እምነቱ ቅን መሆኑ ሰውየውን አያድነውም ይላል፣ እንዲያምን የሚያስችለውን መብት በምርመራ አላገኘውምና። ቀጥሎ የሚለው ይብሳል፤ መርከቡ በሰላም ቢደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው።

የካሊፎርኒያ የቤት ገበያ የክሊፈርድን ባለመርከብ በብዛት ያመርታል። ቤት የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን የአፈር ብክለት በመግለጫ ቅጽ ላይ ማስፈር አለበት። የማያውቀውን ግን ሊያሰፍር አይችልም። የአፈር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ውድ ነገር አይደለም፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ግን ባለቤቱ «አላውቅም» ማለት አይችልም። በዚህ ስሌት አለማወቅ ዋጋ ያለው ንብረት ይሆናል። ለዓመታት በሁለት ፈረቃ ሠርቶ፣ በዕቁብ ደግፎ ቤት የገዛ ሐበሻ፣ አፈሩን ሳያስመረምር ባልዲ ቢደረድር ፈሪ ነው ማለት ይከብዳል። ሀብቱ በሙሉ ያለው እዚያ መሬት ላይ ነው። ባልዲው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሳያውቁ መጠንቀቅን ይፈቅዳል፤ ጥርጣሬን ወደ እውቀት ሳያደርሱ የጥርጣሬውን ጥቅም ያስገኛል። የክሊፈርድ ምሳሌ ላይ አንድ ሰው መጨመር ያስፈልጋል። መርከቡን ተጠራጥሮ ከልብሱ ሥር መንሳፈፊያ የለበሰ፣ አጠገቡ ልጅ ታቅፋ ለተቀመጠችው ሴት ግን ምንም ያላለ ተሳፋሪ። መርከቡ የእሱ አይደለም። መንሳፈፊያውን መልበሱም ጥፋት አይደለም። ዝምታው ግን የእሱ ነው።

ጆን ሎክ በ1689 ባወጣው ድርሰት ሰው ጉልበቱን ከመሬት ጋር ሲያዋህድ መሬቱ የእሱ ይሆናል ብሎ ነበር፣ ለሌሎችም በቂና ያንኑ ያህል ጥሩ የሆነ እስከተረፈ ድረስ። እውነተኛው መሬት ላይ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ደም አፍስሷል። ባልዲው ውስጥ ግን ያለ እንከን ይሠራል፤ አፈሩ ተገዝቷል፣ ጉልበቱ ተዋሕዷል፣ የማንም አልተነካም፣ ምርቱም ያለ ጭቅጭቅ የባለቤቱ ነው። ባልዲ ያለ ጎረቤት የሚታሰብ ንብረት ነው፤ ማራኪነቱም ጉድለቱም ከዚያ ይመጣል።

በሳን ሆዜ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ሸለቆው ከማይክሮቺፕ በፊት «የልብ ደስታ ሸለቆ» ይባል ነበር፤ በአፕሪኮት፣ በፕሩንና በቼሪ የተሸፈነ፣ ወንዝ ያከማቸው ጥልቅና ለም አፈር። ዛሬ ያ አፈር በአስፋልትና በኮንክሪት ሥር ነው። አንድ ተከራይ በመኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ከካናዳ የመጣ ፒት በባልዲ ሲያስቀምጥ፣ ከኮንክሪቱ ሥር ያለው በዓለም ከታወቁ የፍራፍሬ አፈሮች አንዱ ነው። ኢንዱስትሪውም ንጹሕ አልነበረም። በ1981 በደቡብ ሳን ሆዜ ከፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ፋብሪካ የመሬት ውስጥ ታንክ ኬሚካል ፈስሶ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ መበከሉ ተገኘ። ያ ግኝት ሌሎች ታንኮች እንዲፈተሹ ምክንያት ሆነ፤ ሳንታ ክላራ ካውንቲ ዛሬም በፌዴራሉ የከፋ ብክለት መዝገብ ላይ ካሉት የአሜሪካ ካውንቲዎች ብዙ ቦታ ያስመዘገበው ነው። የሰላጣ ሥር እዚያ ጥልቀት አይደርስም፤ ባለባልዲው ከዚህ የሚፈራው ነገር የለም። ታሪኩ እዚህ የሚጠቅመው ለሌላ ነው። በዚያ ሰፈር የልጆቹ ጤና የተጠናው ነዋሪዎቹ ያዩትን እርስ በእርስ ስለተነጋገሩ ጭምር ነው፤ እናቶች ስለ ልጆቻቸው ሕመም በየቤቱ እያወሩ፣ ቁጥር እየደመሩ።

አዲስ አበባም የራሷ እርሳስ አላት። በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚበቅለው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ከፋብሪካና ከቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ከባድ ብረቶችም እንደተገኙበት ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። አቅም ያለው ከሌላ ቦታ ያስመጣል፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪው በበረንዳው ላይ በጄሪካንና በጆንያ ይተክላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሌማት ትሩፋት ዘመቻ የከተማ ጓሮን አበረታቷል። ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ግን ወደ በረንዳ አይወጣም። ማሳው ኑሮው ነው። የበረንዳው ሰላጣ በበዛ ቁጥር ስለ ወንዙ የሚጮኸው ሰው ቢያንስ ማን ያስገርማል? ሲሞን ቬይ በ1943 ለንደን ውስጥ ስለ ሥር መስደድ ስትጽፍ፣ ሰው ሥር የሚኖረው በማኅበረሰብ ሕይወት ውስጥ በእውነት ሲሳተፍ ነው ብላ ነበር። በእሷ መለኪያ፣ ጎመኑ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ባለቤቱ መሬት ውስጥ ሥር ሊሰድድ ይችላል። የሚያስፈልገው አጥሩን ተሻግሮ አንድ የማይመች ወሬ መናገር ነው፤ ከላቦራቶሪ ወረቀቱ ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ኪራይ ሲጨምር ሰዎች ወደ አንቲዮክ፣ ወደ ሳክራሜንቶ ይሄዳሉ። ውኃ የጠገበ ባልዲ ይከብዳል፤ አሥራ ሁለቱ ደግሞ መኪና ውስጥ አይገቡም። ሕጉ ዕቃው ተንቀሳቃሽ ይሁን አለ እንጂ ስለ አፈሩ ምንም አላለም። ስለዚህ ብዙዎች ጤና አዳሟን ብቻ ይዘው፣ የቀረውን እዚያው ጓሮው ላይ ይደፉና ባልዲዎቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰክተው ይሄዳሉ። ዓመታት በኮምፖስት የዳበረው አፈር በአሮጌው መሬት ላይ አራት ጣት ያህል ይነጠፋል። ቀጥሎ የሚገባው ተከራይ በመጋቢት የጓሮውን በር ሲከፍት የሚያየው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ለጎመን የተዘጋጀ የሚመስል መደብ ነው።